እንቁላሉን ያየው ኬን ነው፤ በሩን የከፈተው ግን ሌላ ነው

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ስለ «ኤሊየን» ነው፤ ሪድሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1979 ስለሠራው ፊልም። የሚያወራው ግን ስለ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስለ ሪፕሊ አይደለም። ስለ ጭራቁም አይደለም። ስለ ኬን ነው። አዎ፣ ያ እንቁላሉ ላይ የተጎነበሰው ሰውዬ።

ጸሐፊው ኬንን ቀዥቃዣ ይሉታል። ክሳቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። ማንም ሳያዘው ራሱ ተነስቶ ሄደ። ሄልሜቱን አውልቆ በማያውቀው ነገር ላይ ፊቱን ደፋ። በዚህም የመርከቧን ሰው ሁሉ አስጨረሰ። ከዚህ ሌላ ስለ እሱ የሚወራ ነገር የለም፤ ለመሞት ብቻ የተጻፈ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ደግሞ የደራሲ ስንፍና ምልክት ነው። መዝጊያቸው ላይ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለውን ተረት ያመጡና፣ ሲቀበር እንኳ አንድም ሰው ቃል እንዳልተነፈሰለት ያስታውሱናል።

እውነት ለመናገር ጽሑፉ ይነበባል። ሁለት ቦታ ላይ ጮክ ብዬ ስቄያለሁ። ክሱ ላይ ግን አልስማማም። አንዳንዱ ስህተት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ልክ ሆኖ ለተሳሳተ ሰው የቀረበ ነው።

ፊልሙን ያላየ ሰው ካለ እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል፤ ከዚህ በኋላ የምደብቀው የለም። አይቶ ለረሳው ደግሞ በጥቂቱ ላስታውስ። ኖስትሮሞ የጭነት መርከብ ናት። 20 ሚሊዮን ቶን ማዕድን የያዘ ማጣሪያ እየጎተተች ወደ ምድር ትመለሳለች። ውስጧ ሰባት ሰዎች ተኝተዋል፤ የረጅም ጉዞ እንቅልፍ። መንገድ ላይ የመርከቧ ኮምፒዩተር ትቀሰቅሳቸዋለች፤ ከአንድ ባዶ ዓለም የሚመጣ ምልክት ሰምታለች። ካፒቴኑ ዳላስ፣ ምክትሉ ኬን እና መንገድ መሪዋ ላምበርት ይወርዳሉ። የተተወ ግዙፍ መርከብ ያገኛሉ። ኬን በገመድ ወደ ሆዱ ይገባል፣ እንቁላሎች ያገኛል፣ ከአንዱ የወጣ ነገር ፊቱ ላይ ይጣበቃል። ተሸክመው ይመልሱታል። ነገርየው በራሱ ጊዜ ይላቀቃል፣ ኬን ይነቃል፣ ገበታ ይቀርባሉ፣ ደረቱን በጥሶ ሌላ ነገር ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫና ሞት ነው። ከሰባቱ የምትተርፈው ሪፕሊ ብቻ ናት። እሷና ጆንስ የተባለው ድመት።

ከቀላሉ ልጀምር፤ ከሄልሜቱ።

ኬን ሄልሜቱን አላወለቀም። በጭራሽ። ፍጡሩ የሄልሜቱን መስታወት አቅልጦ ነው የገባው። መርከቧ ውስጥ ሲያስገቡትም ፊቱን ለማየት ሄልሜቱን መቁረጥ ነበረባቸው። ጸሐፊው ያምታቱት ሪድሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ2012 ከሠራው «ፕሮሚቲየስ» ጋር ይመስለኛል። እዚያ ሆሎዌይ የሚባለው ተመራማሪ አየሩ ይተነፈሳል ብሎ ሄልሜቱን ያወልቃል፣ ሌሎቹም ይከተሉታል። እዚያው ፊልም ውስጥ ሚልበርን የተባለ ባዮሎጂስት አለ። እባብ የመሰለ ነገር ከጥቁር ፈሳሽ ውስጥ ብቅ ሲልበት እንደ ቡችላ ሊያባብለው እጁን ይዘረጋል። ነገርየው ክንዱ ላይ ይጠመጠምና ይሰብረዋል። ቀዥቃዣ ከተባለ ያ ነው! እሱን ቢከሱት እኔም ምስክር ሆኜ እቆማለሁ።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኬን የጠፈር ልብሱን ለብሷል። ወገቡ ላይ ገመድ አለ፣ ገመዱን ላይ ሆነው የያዙ ሁለት ባልደረቦች አሉ። ሬዲዮው ክፍት ነው፣ ያየውን እያወራ ነው የሚወርደው። ዘልሎ ገደል የገባ ሰው እንዲህ አያደርግም። ይሄ ሥራውን የሚሠራ ሰው ነው።

ሁለተኛው ክስ፣ ማንም ሳያዘው ሄደ የሚለው፣ ግማሹ ትክክል ነው። ወደ ውጭ የሚወጣው የመጀመሪያ ቡድን ውስጥ ልግባ ብሎ የጠየቀው ራሱ ኬን ነው። ዳላስም እንደማይቀር አውቄ ነበር በሚል ዓይነት ነው የሚመልስለት። እንዲያውም ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ማስረጃ አለ፤ ልስጣቸው። ሦስቱ ያን እንግዳ መርከብ ከሩቅ እንዳዩ ላምበርት እንመለስ ትላለች። እስከዚህ ከመጣን መቀጠል አለብን የሚለው ኬን ነው። ይህቺ በእሱ ላይ ትቆጠርበታለች። ከሄልሜቱ ይልቅ ይህቺን ይዘው ቢመጡ ኖሮ ምላሽ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ አስብ ነበር።

ግን ለምን እዚያ ተገኙ? የሥራ ውላቸው ውስጥ አንቀጽ አለ። አስተሳሰብ ካለው ፍጡር የመጣ የሚመስል ምልክት ከተሰማ መመርመር ግዴታ ነው። አልመረምርም ያለ የድርሻ ክፍያውን በሙሉ ያጣል። ይህን አሽ፣ የሳይንስ መኮንኑ፣ ውሉን እየጠቀሰ ሲያነብላቸው ፓርከርና ብሬት ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን አስታውሱ። ሞተር ክፍል የሚሠሩት እነዚህ ሁለቱ ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምሮ የሚያወሩት ስለ ቦነስ ነው። ባንሄድስ የሚለው ጥያቄ ገና አፋቸው ውስጥ ሳለ ገንዘቡ ይጠፋል። እንግዲህ መሄዱ ታዟል። የቀረው ማን ይሂድ የሚለው ብቻ ነበር። አንድ ሰው እጁን አወጣ።

ወደ እንቁላሎቹ ክፍል መውረዱም እንዲሁ ነው። ከዚያ በፊት ሦስቱም የዚያን እንግዳ መርከብ ግዙፍ አብራሪ ሬሳ አይተዋል። ከወንበሩ ጋር አብሮ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። የጎድን አጥንቱ ወደ ውጭ ታጥፏል፣ ከውስጥ የፈነዳ ይመስላል። ይህን ያስተዋለውና በቃል የተናገረው ማን ነው? ኬን አይደለም። ካፒቴኑ ነው፣ ዳላስ ራሱ። ዓይኑ ሥር ያለውን ማስጠንቀቂያ በአፉ ተናግሮ ሲያበቃ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምክትሉን በገመድ አስሮ ወደ ጉድጓድ ያወርደዋል። ጸሐፊው በሬውንና ገደሉን አመጡልን፣ ጥሩ። በሬውን ገደል አፋፍ ድረስ የነዳውን ሰው ግን ተረቱ ውስጥ አላየሁትም።

አሁን ወደ እንቁላሉ እንግባ። የክሱ እምብርት እሱ ነውና ትንሽ እንቆይበት። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ትዕይንቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት።

ኬን ሲወርድ ከታች ሰማያዊ ጭጋግ ተዘርግቷል። ስስ ነው፤ እንደ ተወጠረ አንሶላ። (ያ ብርሃን ሌዘር ነው። ጎረቤት ስቱዲዮ ውስጥ ለመድረካቸው ሲሞክሩት ከነበሩት «ዘ ሁ» ከተባሉት ሮከሮች የተዋሱት ነው።) ኬን ጭጋጉን ሲያልፈው ድምፅ ይሰማል። እንቁላሎቹን የሸፈነ ጭጋግ መኖሩን፣ ሲነካ ምላሽ እንደሚሰጥም ለላይኞቹ ይነግራቸዋል። ከዚያ ያዳልጠውና ይወድቃል። ይነሳል። ከፊቱ ያለውን እንቁላል ያያል፤ ቆዳ የመሰለ፣ እስከ ጉልበቱ በላይ የሚደርስ። መብራቱን ሲያስጠጋው ብርሃኑ ቆዳውን አልፎ ይገባል። ውስጥ አንዳች ነገር ይገላበጣል። የሚገላበጡት የሪድሊ ስኮት የራሱ እጆች ናቸው፣ የላስቲክ ጓንት አጥልቆ። ይህን አውቄም አሁንም ይዘገንነኛል።

ከዚያ እንቁላሉ ከላይ ይከፈታል። እንደ አበባ፣ አራት ከንፈር ሆኖ፣ ቀስ ብሎ። እርጥብ ድምፅ አለው። ከዚያ ምንም። ጸጥ። ኬን ጎንበስ ይላል።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ጤነኛ የሆነ ሰው ሁሉ ይሸሽ ነበር ይላሉ። እኔ ደግሞ ካሜራው የት እንደቆመ ልጠይቃቸው። ካሜራው ከኬን ጋር አብሮ ጎንበስ ይላል። በሱ ዓይን ነው ወደ ውስጥ የምናየው። ቀይና እርጥብ የሆነ ሥጋ ትር ትር ሲል ያሳየናል። ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር፣ በትንሽ ላፕቶፕ ላይ፣ መብራት አጥፍተን ነው። «አትይ! ተመለስ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ጓደኛዬ ፊልሙን አቆመና ሳቀ። «አንተም እኮ ጎንብሰሃል» አለኝ። እውነቱን ነው። አፍንጫዬ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ደግሞ አስቡት፤ ኬን የሆረር ፊልም ውስጥ እንዳለ አያውቅም። እኛ ፖስተሩን አይተናል፣ ስሙን ሰምተናል፣ ቲኬት ስንቆርጥም ሰው እንደሚሞት እናውቃለን። እሱ የሚያውቀው ከሌላ ዓለም የመጣ ሕይወት ፊቱ እንደቆመ ብቻ ነው። በሱና በነገሩ መካከል ደግሞ መስታወት አለ። መስታወት ሰውን ያዘናጋል። ከመስታወት ጀርባ ሆኖ አንበሳ የሚያይ ሰው ግንባሩን ለጥፎ ነው የሚያየው። ኬንም ያንን አደረገ። መስታወቱ ይቀልጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

አንድ ነገር አልክድም። ውስጡ ሲንቀሳቀስ ባየ ጊዜ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ወደ ላይ መጣራት ነበረበት። እዚህ ላይ አጥፍቷል። ጥፋቱ ግን የማየት ጥፋት ነው። ኬን ምንም አልሰረቀም፣ ናሙና ልውሰድ ብሎ አልቆረጠም፣ በጥይት አልመታም። አየ።

ሌላም አለ። ይህ ፍጡር ቂል ሰው ፈልጎ የሚያጠምድ አይደለም። በምድራችን ላይ እንቁላላቸውን በሕይወት ባለ አባጨጓሬ ሰውነት ውስጥ የሚጥሉ የተርብ ዝርያዎች አሉ። ከእንቁላሉ የወጣው የተርብ እጭ አባጨጓሬውን ከውስጥ እየበላ ያድግና ቀዶት ይወጣል። አባጨጓሬው የተመረጠው ከጓደኞቹ ይልቅ ደፋር ስለሆነ አይደለም። ተርቡ ስለደረሰበት ነው። እንቁላሎቹ ባሉበት ክፍል ዳላስ ቢወርድ ዳላስን፣ ላምበርት ብትወርድ ላምበርትን ነበር የሚይዘው።

ሦስተኛው ክስ ትልቁ ነው፤ ሁሉን ያስጨረሰ ኬን ነው የሚለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ፊልሙን መሃሉን ዘለው ያዩት ይመስለኛል። ከኬን ውድቀት እስከ ገበታው ድረስ ያለውን እስቲ አብረን እንሂድበት። ኬን በዚህ ሁሉ ጊዜ ራሱን አያውቅም። ለአንዱም ውሳኔ አፉን አልከፈተም፤ አፉ ላይ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ።

ዳላስና ላምበርት ተሸክመውት በሩ ላይ ይደርሳሉ። ሪፕሊ ውስጥ ናት። ካፒቴኑና ምክትሉ ውጭ ስለሆኑ መርከቧ በእሷ ሥልጣን ሥር ናት። አልከፍትም ትላለች። ሕጉ 24 ሰዓት ለይቶ ማቆየት ነው። ዳላስ ይሞትብናል፣ ክፈቺ ብሎ ያዛታል። እምቢ ትላለች። በሩ ግን ይከፈታል። የከፈተው አሽ ነው፤ የሳይንስ መኮንኑ፣ ከሁሉም በላይ ይህን ሕግ ማስከበር የነበረበት ሰው።

ዳላስን አልፈርድበትም። ሕግ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ጓደኛህ እጅህ ላይ ሲያጣጥር ሌላ ነው። በእውነተኛው ታሪክም ቢሆን ይሄ ነገር ሙሉ ለሙሉ ተከብሮ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1969 አፖሎ 11 ከጨረቃ ተመልሳ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ አረፈች። ምናልባት ከጨረቃ ጀርም ይዘው መጥተው ይሆናል ተብሎ ጠፈርተኞቹ ለ21 ቀን ተለይተው እንዲቆዩ ታቅዶ ነበር፤ ቆይተዋልም። ግን መጀመሪያ ከመንኮራኩሯ መውጣት አለባቸው። ስለዚህ እዚያው ባሕሩ ላይ በሯ ተከፈተና መከላከያ ልብስ ተወረወረላቸው። የውስጡ አየር በዚያች ቅጽበት ወጥቶ ከውቅያኖሱ አየር ጋር ተቀላቅሏል። የጨረቃ ጀርም ቢኖር ኖሮ ያኔ አልቆልን ነበር። ግን ሦስት የደከሙ ሰዎች በማዕበል ላይ በምትናወጥ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ታሽገው እንዲቆዩ አልተደረገም። ከአፖሎ 14 በኋላ ለይቶ ማቆየቱም ራሱ ቀረ። እንግዲህ ዳላስ ያደረገው ሰው ያደርገዋል።

አሽ ያደረገው ግን ሌላ ነው። ቆይቶ እንደምናውቀው አሽ ሰው አይደለም፣ ሮቦት ነው። የመጣውም በትእዛዝ ነው። ልዩ ትእዛዝ 937 ይባላል። ፍጡሩን ለምርመራ ማምጣት ከሁሉ ይቅደም፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በታች ነው፣ የመርከቧ ሰዎች ቢሞቱም ግድ የለም ይላል። ዳላስ ከሌላ የሳይንስ መኮንን ጋር አምስት ጊዜ ተጉዟል። ለዚህኛው ጉዞ ሊነሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው የመርከቧ ባለቤት ካምፓኒው ያንን ሰው አንስቶ አሽን የተካው። ሁለት ቀን! ኬን ለጉዞው እንኳ ገና ሳይተኛ፣ እንቁላሉን በሕልሙም ሳያየው፣ የሚሆነው ሁሉ ታስቦበታል ማለት ነው።

ቀጥሉ። ሦስቱ ገና በመንገድ ላይ ሳሉ ሪፕሊ ምልክቱን ስትፈታ የእርዳታ ጥሪ አይመስልም፤ ማስጠንቀቂያ ይመስላል። ልከተላቸው ብላ ትነሳለች። አሽ ምን ያደርግልሻል ይላታል፤ አንቺ እስክትደርሺ እነሱ ራሳቸው ያውቁታል። ረጋ ባለ ድምፅ ነው የሚላት። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ከኬን ጉንበስ ማለት ይልቅ ብዙ ሰው ገድላለች ብል አላጋነንኩም።

ፍጡሩን ከኬን ፊት ሊያነሱት ሲሞክሩ የፍጡሩን አንድ ጣት ይቆርጣሉ። ደሙ አሲድ ነው፣ ወለል እየበሳ ወደ ታች ይወርዳል። ያን ጊዜ እንኳ ነገሩ የመርከቧ አደጋ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ነው። ፓርከር በዚያ በቁጡ አንደበቱ ለምን አያቀዘቅዙትም እያለ ይጠይቃል። ብልህ ጥያቄ ነው። የሚሰማው የለም። ነገርየው ሞቶ ሲገኝ ሪፕሊ አውጥተን እንጣለው ትላለች። አሽ አይሆንም ይላል። ዳላስም ካምፓኒው በሳይንስ ጉዳይ ላይ ሥልጣኑን ለእሱ ሰጥቷል ብሎ እጁን ያጥባል።

ከዚያ ገበታው። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል፣ ወደ ቤት ሊሄዱ ነው። ኬን ሲነቃ የሚያስታውሰው የመታፈን ሕልም ብቻ ነው። ርቦታል። እየጎረሰ ይስቃል። በዚህ መሃል አሽን እዩት። አይበላም፣ አያወራም ማለት ይቻላል። ኬንን ነው የሚያየው። ትኩር ብሎ። ሌላው ሰው ቀልድ ላይ ነው፣ እሱ ሰዓት የሚጠብቅ ይመስላል። ኬን ማሳል ይጀምራል፣ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል፣ ይፈራገጣል። ሸሚዙ በደም ይቀላል። ነገርየው ደረቱን ቀዶ አንገቱን ያወጣል። ፓርከር ቢላዋ ይዞ ሊወጋው ይነሳል። ያን ጊዜ ገና ትንሽ ነው፣ የአንድ ክንድ ያህል። እዚያው ላይ ያልቅ ነበር። አትንካው ብሎ የሚያስቆመው ማን ነው? እንደገና አሽ።

ይህን ሁሉ አይቼ «ኬን አስጨረሳቸው» ማለት ይከብደኛል። ክብሪት የያዘ ልጅ አይቶ ቤንዚን ያርከፈከፈውን ሰውዬ እንደ መርሳት ነው።

አራተኛው ክስ፣ ባዶ ገጸ ባሕርይ ነው የሚለው፣ ሳልደብቅ ልናገር፣ ትንሽ አናዶኛል። ከሰባቱ ሰዎች መጀመሪያ ሲነቃ የምናየው ፊት የኬን ነው። ሌላው ሁሉ ተኝቶ ነጭ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቀና ይላል፤ ገና እንቅልፉን ያልጨረሰ ሕፃን ይመስላል። መጀመሪያ የነቃው መጀመሪያ ይሞታል። ቁርስ ላይ ሞቻለሁ መሰለኝ ይላል፣ ፓርከርም ሬሳ ነው የምትመስለው ብሎ ያላግጥበታል። ስታዩት ተራ የጠዋት ወሬ ነው። ሁለተኛ ስታዩት ምግቡ አይወርድላችሁም።

የተጫወተው ጆን ኸርት ነው። መጀመሪያ ለክፍሉ የተመረጠው ጆን ፊንች ነበር፤ ቀረጻው እንደተጀመረ ታመመና ኸርት በድንገት ተተካ። ከፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ ለሚሞት ሰው፣ ኸርት በረዳት ተዋናይነት ባፍታ ለተባለው የብሪታንያ የፊልም ሽልማት ታጭቷል። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ «ስፔስቦልስ» በተባለው ኮሜዲ ውስጥ ራሱ መጥቶ ያንኑ የደረት ትዕይንት አላግጦበታል። ተመልካቹ ፊቱን ባያስታውስ ኖሮ ቀልዱ አይሠራም ነበር።

ምናልባት ጸሐፊው ባዶ ያሉት የኋላ ታሪክ ስለሌለው ይሆናል። ሚስት ይኑረው፣ ልጅ ይኑረው አናውቅም። ግን የሌሎቹንስ እናውቃለን? በዚህ ፊልም የማንም የቤተሰብ ፎቶ አይወጣም። የምናውቃቸው በሥራቸው ነው፤ በሚያጉረመርሙት፣ በሚያስቡት ገንዘብ፣ በር ላይ በሚወስኑት። ኬን የምናውቀው ልግባ ሲል፣ እንቀጥል ሲል፣ ጎንበስ ሲል ነው። ለማየት የሚቸኩል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሁላችንም እናውቃለን፣ አንዳንዴም እንወደዋለን።

የደራሲ ስንፍና የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ሰነፍ ደራሲ ገጸ ባሕርዩን የሚያጃጅለው ሌላ መንገድ ሲጠፋው ነው። እዚህ ግን ውሉ አለ፣ ትእዛዙ አለ፣ የተቀየረው መኮንን አለ፣ ማስጠንቀቂያው አለ። ኬን ባይቸኩል እንኳ አሽ አንድ ሰበብ ፈልጎ አንዱን ወደዚያ ጉድጓድ ይልክ ነበር። ጅል ሰው ያላስፈለገው ታሪክ ነው። ለነገሩ ብሬት ድመት ፍለጋ ብቻውን ሲሄድ፣ ዳላስ ጠባቡ የአየር ቱቦ ውስጥ ሲገባ ጸሐፊው አልተቆጡም። እነሱ ግን ያኔ መርከቧ ውስጥ ገዳይ እንዳለ ያውቁ ነበር። ኬን አያውቅም።

የመጨረሻዋ የቀብሩ ነገር ናት። ሬሳው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ዳላስ የሚናገር አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ማንም አይናገርም። ከዚያ ወደ ጨለማው ይለቁታል። ጸሐፊው ይህን ዝምታ እንደ ንቀት ነው ያነበቡት። ማንም አልወደደውም፣ ስለዚህ የሚባል አልነበረም፣ ነው ነገሩ።

እኔ እዚያ የቆሙትን አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ሪፕሊ ምን ትበል? ውጭ ይቅር ያለችው እሷ ናት፣ ትክክልም ነበረች፤ ይህን በሬሳው ላይ አትናገረውም። ዳላስ ምን ይበል? በገመድ ያወረደው እሱ ነው። ላምበርት እንመለስ ስትል የሰማት አልነበረም። ፓርከር ቢላዋውን ይዞ ቆሞ ቀርቷል። ብሬት እንደ ወትሮው የሚናገረው የለውም። አሽ ደግሞ ሁሉን ያውቃል፣ ዝም ብሏል።